ከድር የኋላውን ዋይፐር ሊቀይር የተነሣበት ቅዳሜ

ሰው “ሕይወቴ በአንድ ቀን ተለወጠ” ሲል ብዙ ጊዜ ትልቅ ነገር ያነሣል። የመኪና አደጋ፣ እስር፣ ድንገተኛ ሞት። የእኔ እንደዚያ አይደለም። የእኔ የተለወጠው ግቢያችን ውስጥ፣ ባሌ የመኪናችንን የኋላ ዋይፐር ለመቀየር እጅጌውን የሰበሰበ ዕለት ነው። “በዚህ ደግሞ ምን ወሬ አለ?” የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ያን ቀን ጠዋት ብትጠይቁኝ እንደዚያው ነበር የምላችሁ።

ስሜ ዘሃራ ይባላል። አሰላ ተወልጄ አሰላ ያደግሁ ሴት ነኝ፤ ገበያው አጠገብ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ አለችኝ። ባሌ ከድር ሹፌር ነው። ነበር ልበል እንጂ። የእርሻ ባለሙያዎችን ጭኖ ከገበሬው ማሳ የሚያደርስ የመንግሥት ሹፌር ነበር። ዛሬ ዲክሲስ፣ ነገ ኦጎልቾ፣ ሲለው ደግሞ ቆላ ወርዶ አቦምሳ ያድራል። የአርሲን መንገድ፣ የትኛው ድልድይ ክረምት ላይ እንደሚሞላ፣ የትኛው ዳገት ላይ መኪና እንደሚንሸራተት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይነግራችኋል። መኪና ከተበላሸ ራሱ ነው ሥሩ የሚገባው። ካቻቪቴውና ፒንሳው ከአልጋችን ሥር ነው የሚቀመጡት፤ ስንቴ እግሬን መትተውኛል።

አብረን ስንኖር እኔ ቁጡ፣ እሱ ሳቂታ ነን። ተቆጥቼ ስጮህ “ሃደ ሃዊ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ” ይልና ያስቀኛል። ሃደ ሃዊ ማለት በኦሮምኛ የሃዊ እናት ማለት ነው። ሃዊ አንድ ልጃችን ናት። በዚያ ሁሉ ዓመት ከድር ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገረኝ ሰምቼ አላውቅም።

ያ ቅዳሜ በዋለበት ዓመት፣ ጡረታው ገና ሳይደርስ፣ በገዛ ፈቃዱ ሥራውን ለቀቀ። “ወገቤ አልቻለም፤ በቃኝ” አለኝ። ሕይወቱን ሙሉ መሪ ይዞ የኖረ ሰው ወገቡ ቢደክም ምን ይደንቃል? እንዲያውም ደስ አለኝ። ቤት ሲውል አብረን ምሳ እንበላለን አልኩ።

ሃዊ አዳማ ነው ያገባችው። ነሐሴ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገባ። እናቷ ቤት እንድትታረስ ከባሏ ጋር ተስማምተናል፤ እሑድ ሄደን ልናመጣት ተቀጣጠርን። ክፍሏን ቀባሁላት፣ አልጋውን አስጠገንኩ፣ ከሱቄ ለስላሳ ለስላሳውን ጨርቅ መርጬ የሕፃን መጠቅለያ ሰፋሁ።

የቀረን የመኪናዋ ነገር ብቻ ነበር። አሮጌ ቪትዝ አለችን። የነሐሴን አሰላ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጭላሎ ተራራ ያለ አይመስልም፣ ጉሙ አጥር ዘሎ ግቢ ይገባል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። የኋላ መስታወቷ ጭቃ ሲለብስ ዋይፐሩ ከማጥራት ይልቅ ያቦካዋል። ጎማው ተቆራርጦ ተንጠልጥሏል፤ ብረቱ መስታወቱን ሲፍቀው ድምፁ ጥርስ ያስነክሳል። “ነፍሰ ጡር ይዘን ኋላችንን ሳናይ ልንሄድ ነው እንዴ?” እያልኩ ስነዘንዘው ሰነበትኩ። “እቀይረዋለሁ” ይለኛል፤ አይቀይረውም። በመጨረሻ ዓርብ ዕለት ከሱቄ ፊት ለፊት ካለው መለዋወጫ ቤት ራሴ ገዛሁ። ባለ ሱቁ “መኪናዋን አምጫትና ልግጠምልሽ፤ የደቂቃ ሥራ ነው” ቢለኝ፣ “ኧረ ተወው፤ ባሌ ሹፌር ነው” ብዬ ስቄ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ትንሽ ጋብ አለ። ቁርስ እንደበላን ዋይፐሩን ከነላስቲኩ አምጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

“ዛሬ ምክንያት የለህም” አልኩት።

አገላብጦ አየው። “ጥሩ ነው” አለ። ጃኬቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ወጣ። እኔ በረንዳው ላይ የሕፃኑን ልብሶች እያጣጠፍኩ ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ መኪናዋን ዞራት። ከዚያ የፊቱን ዋይፐር ብድግ አደረገና አዲሱን አጠገቡ ለካው። አጭር ሆነበት። እንደገና ለካው።

“ሰውዬ፣ የኋላው እኮ ነው!” ብዬ ሳቅሁ።

“አውቃለሁ” አለኝ። አልሳቀም።

ወደ ኋላ ዞረ። የኋላውን ዋይፐር የሚይዘውን የብረት ክንድ ከመስታወቱ ላይ አነሣና አሮጌውን ይጎትተው ጀመር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ጠመም አድርጎ መሳብ ብቻ ነው። ለመንደሩ ሰው ሁሉ ሲሠራ አይቼዋለሁ። አሁን ግን ይስባል፣ ይተወዋል፣ ጣቶቹን ያያል። ካቻቪቴ አመጣ። ካቻቪቴው ለምን እንደመጣ የጠፋው ይመስል መሬት ላይ አስቀመጠው። ቢላ አመጣ። በመከራ ነቀለው።

ከዚያ አሮጌውን በአንድ እጁ፣ አዲሱን በሌላ እጁ ይዞ ቆመ። አንዱን ያያል፣ ሌላውን ያያል። አንዱ ጎማው ተበጣጥሶ ተንጠልጥሏል፤ ሌላው ገና ያብለጨልጫል። ሕፃን ልጅ ይለየዋል። ከድር አልለየውም። ብዙ ከቆመ በኋላ አሮጌውን መልሶ ገጠመው፤ አዲሱን ላስቲኩ ውስጥ ከትቶ ሄዶ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመረው። እጁን አራግፎ ወደ እኔ መጣ።

“አለቀ” አለኝ።

የያዝኩት የሕፃን ሸሚዝ እጄ ላይ ቀረ። የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። የቀልድ ፊት አይደለም። ሥራውን የጨረሰ ሰው ፊት ነው።

“ከድር፣ አሮጌውን እኮ ነው መልሰህ የገጠምከው።”

“አዲሱን ነው።”

“አዲሱን ጣልከው። አየሁህ እኮ።”

“አዲሱን ነው አልኩሽ!” ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ግድግዳው ላይ የነበሩትን ወፎች አስነሣቸው። እኔ ደነገጥኩ፤ እሱም ከእኔ በላይ ደነገጠ። ሄጄ አዲሱን ከቆሻሻው ውስጥ አወጣሁት፣ በቀሚሴ ጠረግሁት፣ ሰጠሁት። ተቀበለኝ።

“እኔ ልሞክረው?” አልኩት ቀስ ብዬ።

“ተይኝ። እኔ ነኝ የምሠራው። እኔ ነኝ ሹፌሩ።”

አሮጌውን እንደገና ነቀለው። አሁን ክንዱ ባዶ ብረት ሆኖ በአየር ላይ ቆሟል። ከድር በአንድ እጁ ደግፎት፣ በሌላው አዲሱን ሊያስገባ ይታገላል። በግራ ይሞክራል፣ በቀኝ ይሞክራል፣ ገልብጦ ይሞክራል። ግንባሩን በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ለራሱ የሆነ ነገር እየነገረ ነው። ከዚያ ድንገት ሁለቱንም እጆቹን ለቀቀ። እንዲያው ለቀቀ፤ ክንዱን የያዘው እሱ መሆኑን ረስቶ።

ክንዱ ተስፈንጥሮ መስታወቱን መታው። የኋላ መስታወቱ ለአንድ አፍታ ነጭ ሆኖ ቆመ። ቀጥሎ እንዳለ ፈሰሰ። የገብስ ጆንያ እንደተተረተረ ነው የፈሰሰው፤ መሬቱ ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ የከድር ጫማ ላይ።

ሮጬ ያዝኩት። እጁን አገላብጬ አየሁ፤ ደም የለም። “አልተጎዳህም፣ አልሐምዱሊላህ፣ መስታወት ነው፣ መስታወት ይገዛል” አልኩት። እሱ መስታወቱን አላየም። እኔን ነው የሚያየኝ። ዓይኖቹ ሞልተዋል።

“ዘሃራ” አለ። በስሜ ሲጠራኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። “ጭንቅላቴ ውስጥ መብራት ይጠፋብኛል።”

“ምን ማለት ነው?”

በረንዳው ላይ ቁጭ አልንና ነገረኝ። የሚናገረው እንደ ደከመው ሰው ነው፤ ብዙ ቆም እያለ።

“ወገቤ አይደለም ያስለቀቀኝ” አለ። “ባለሙያዎቹን ይዤ ኦጎልቾ ስወርድ መንገዱ ጠፋኝ። የኦጎልቾ መንገድ! ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ፣ ከኋላዬ የተቀመጡት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ጠፋኝ። ዳር አቁሜ ጎማ የማይ መስዬ ወረድኩ። ትንሽ ቆይቶ መጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን ሰው ገድዬ እመጣለሁ ብዬ ነው ቁልፉን ያስረከብኩት።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ምን ብዬ ልንገርሽ? ለሐኪም ብነግረው ስም ያወጣለታል። ላንቺ ብነግርሽ እውነት ይሆናል።”

ይህን ሲለኝ ሙሉ ሰው ነበር። የማውቀው ከድር። ያን ንግግር ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱም ባሌ እንደ ባል ያነጋገረኝ የመጨረሻው ረጅም ንግግር እሱ ነው። ያኔ ግን አላወቅሁም። “ሰኞ ሐኪም ጋ እንሄዳለን፣ መድኃኒት አለው፣ ዛሬ የማይድን ምን አለ” እያልኩ እጁን አሻሸሁት። እሱም “እሺ፣ ሃደ ሃዊ” አለኝ።

ዝናቡ እንደገና ማካፋት ጀመረ። የመኪናዋ ወንበር እንዳይርስ ላስቲክ መወጠር አለበት። ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ የእህል መጋዘን ስላላቸው የላስቲክ ሸራ አያጡም። “እዚሁ ቁጭ በል፤ መጣሁ” አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። ወጥቼ ሸራውን ተቀብዬ፣ ጋሽ ተፈራም “ምን ሆናችሁ?” ብለው ተከትለውኝ መጡ። ከደጃቸው እስከ ደጃችን የአንድ ቤት መንገድ ነው።

የግቢያችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መኪናዋ የለችም። የቆመችበት ቦታ ላይ የመስታወቱ ፍርስራሽ ብቻ ዝናብ እየመታው ያብለጨልጫል። ስልኩ በረንዳው ላይ፣ ከሕፃኑ ልብስ አጠገብ ተቀምጧል። ጃኬቱም እዚያው።

“ለመስታወት ገበያ ሄዶ ይሆናል” አሉ ጋሽ ተፈራ።

“አይደለም ጋሽ ተፈራ። አይደለም” አልኩ። ሽማግሌው ጥያቄ አላበዙም። አሮጌ ፒክአፓቸውን አስነሡ።

ገበያውን ዞርን። መስጊዱን አየን። ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ሄድን፤ ቅዳሜ ነው፣ ዘበኛው ብቻ ነው ያለው፤ አላየሁትም አለ። በቆጂ መውጫ ድረስ ወጥተን ተመለስን። ያለፈውን መኪና ሁሉ አያለሁ። የወደቀ ነገር ባየሁ ቁጥር፣ ሰው ተሰብስቦ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይቆማል። ሰው ገድዬ እመጣለሁ ያለኝ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል። ሃዊ ደወለች። “እማ፣ ነገ ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ?” አለችኝ። “ጠዋት፣ ልጄ” አልኳት። እርጉዝ ናት፤ ምን ልበላት?

በአዳማ መውጫ ያለው ነዳጅ ማደያ ቆምን። ጋሽ ተፈራ መስኮቱን አውርደው ቀጂውን ጠየቁት።

“የኋላ መስታወት የሌላት ቪትዝ?” አለ ሰውየው ወዲያው። “አለፈች እኮ፤ ቆየች። በእጄ ምልክት ባሳየውም አልቆመልኝም። በዝናቡ ውስጥ የፊቱን ዋይፐር እንኳ ሳይከፍት ነው የሚነዳው።”

በዚያ መንገድ ላይ የሄድነውን ጊዜ እንዴት ልንገራችሁ? ዝናቡ ወረደ። ግራና ቀኝ ያለው የስንዴ ማሳ አይታይም። ጋሽ ተፈራ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ መሪው ላይ ተደፍተው ቀስ ብለው ይነዳሉ። ፍጠኑ ማለት ነውር ነው፤ ዝም ማለት ደግሞ ሊገድለኝ ነው። እሳቸው በድንግል ማርያም ይለምናሉ፣ እኔ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ እደጋግማለሁ። አንድ ጭነት መኪና ቦይ ውስጥ ገብቶ ተጋድሞ ሲታየኝ ጮህኩ። ከሥሩ ሌላ መኪና አልነበረም።

ያገኘነው ወደ ዲክሲስ የሚያስወጣው መገንጠያ ላይ ነው። ቪትዟ በሁለቱ መንገዶች መካከል፣ አፈሩ ላይ ቆማለች። ሞተሯ ይሠራል። ከኋላዋ ዝናቡ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ከድር በሸሚዝ ብቻ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ወደ ፊት እያየ ተቀምጧል። ቆሟል። ሰው አልገጨም። ከመኪናው ወርጄ “ያ ረቢ ምስጋና ላንተ” እያልኩ በጭቃው ውስጥ ሮጥኩ። ነጠላዬ ወድቆ ቀረ።

በመስኮቱ በኩል ደረስኩ። “ከድር! ከድር!” እያልኩ መስታወቱን መታሁት። ቀስ ብሎ ዞረ። አየኝና መስኮቱን አወረደ። ፊቱ የተረጋጋ ነው። እንዲያውም ፈገግ አለ፤ የማውቀው ፈገግታ፣ ሹፌር ሆኖ መንገድ ላይ ሰው ሲያነሣ የሚያሳየው።

“ይግቡ እንጂ እህቴ” አለኝ። “ዝናብ እየደበደበዎት እኮ ነው።”

አንባቢዎቼ፣ አንድ ቃል ሰውን መሬት ላይ ይጥላል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ይግቡ። እየደበደበዎት። ወጣትነቴን የሰጠሁት፣ ልጅ የወለድኩለት፣ ስታመም እግሬን ያጠበልኝ ሰው “እርስዎ” አለኝ። ንቀት ቢሆን፣ ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። አክብሮት ነው። ለማያውቃት መንገደኛ ሴት የሚሰጠው መልካም አክብሮት።

“ከድር፣ እኔ ነኝ” አልኩት። “ዘሃራ ነኝ።”

“እሺ፣ ወይዘሮ ዘሃራ። ይግቡ፣ ይታመማሉ” አለና ተንጠራርቶ የጎኑን በር ከፈተልኝ።

ገባሁ። ምን ላድርግ? ወንበሩ ውኃ ጠጥቷል። ከኋላችን የመስታወት ፍርፋሪ ላይ ዝናብ ይንጠባጠባል። እንዳላስደነግጠው ፈርቼ ድምፄን እንደምንም አረጋጋሁ።

“ወዴት ነህ?” ልለው ነበር፤ አፌ ላይ ቀረ። “ወዴት ነዎት?” አልኩት።

“ዲክሲስ። እናቴ ታማለች ተብዬ እኮ ነው።” እናቱን የቀበርናት ሃዊ ገና ስትድህ ነው። “ግን ይኸው፣ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ” አለ መንገዶቹን በአገጩ እያሳየኝ። “እርስዎ የዚህ አገር ሰው ነዎት? መንገዱን ያውቁታል?”

“አውቀዋለሁ።”

“ተመስገን!” አለ። እፎይ ሲል ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁት። ስንት ሰዓት ፈርቶ እንደተቀመጠ ያኔ ገባኝ። “ያሳዩኛል?”

“አሳይዎታለሁ። ግን ደክሞዎታል። እኚህ አባት ይንዱልን፤ እርስዎ ትንሽ ይረፉ” ብዬ በዝናቡ ውስጥ የቆሙትን ጋሽ ተፈራን አሳየሁት።

ጋሽ ተፈራን አያቸው። ሃያ ምናምን ዓመት የተጎራበታቸውን፣ በየፋሲካውና በየዒዱ የሚጠራሩትን ሰው አያቸው፤ አላወቃቸውም። ግን ሽማግሌ ናቸው። ሞተሩን ሳያጠፋ ከመኪናው ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸውና ቦታውን ለቀቀላቸው። ጋሽ ተፈራ ወደ እኔ ዞረው ዓይናቸውን ጠረጉ። ፒክአፓቸውን እዚያው ካለ ሻይ ቤት በር ላይ አደራ ብለው ተዉት። እኔና ከድር የኋላውን ወንበር ፍርፋሪ ጠርገን አብረን ተቀመጥን፤ እሳቸው ወደ አሰላ መለሱን። ከድር በግራ በቀኝ የሚያልፈውን እያየ “አገሩ ደስ ይላል” አለ። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ጭንቅላቱን ጥሎ እንቅልፍ ወሰደው። ከእንቅልፉ እንዳይነሣ ትንፋሼን ቆጥቤ ተቀመጥኩ። ሲነሣ ማን እንደሚሆን አላውቅማ።

ግቢ ስንገባ ነቃ። ወርዶ መኪናዋን ዞሮ አያት።

“ሃደ ሃዊ፣ መስታወቱን ማነው የሰበረው?” አለኝ።

ተመልሶ መጥቷል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን እንደሚመለስ ሁሉ እንደሚሄድም አሁን አውቃለሁ።

“ድንጋይ መቶት ነው” አልኩት።

“የእነዚህ ልጆች ነገር!” አለና መጥረጊያ አምጥቶ መሬቱን ጠረገ። ደህና አድርጎ ጠረገው።

ሃዊን እሑድ አላመጣናትም። ባሏ ራሱ ሊያመጣት ሲዘጋጅ ምጧ መጣ፤ እዚያው አዳማ ወለደች። ወንድ ልጅ። ከዚያ አዲስ አበባ ያየን ሐኪም የከድርን የጭንቅላት ፎቶ መብራት ላይ አድርጎ በእስክሪብቶ እያሳየ አስረዳን። ለበሽታው ስም አለው፤ ከድር እንዳለው ስም አወጣለት። በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ አይታይም አለ። መድኃኒት ጻፈልን። “ያድነዋል?” ብዬ ስጠይቀው እስክሪብቶውን ከደነና “ጥቂት ያዘገየው ይሆናል” አለኝ። ከድር አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ስንወጣ “ሐኪሙ ስለማን ነው የሚያወራው?” አለኝ። ስለ አንድ ዘመዳችን ነው አልኩት። “ያሳዝናል” አለ።

መኪናዋን ሸጥናት። ሱቄን ዘጋሁ፤ ብቻውን ትቼው መውጣት አይሆንም። ከድር መጀመሪያ ከተማውን ረሳ፣ ቀጥሎ ሃዊን። የልጅ ልጁን አንድም ቀን አላወቀውም፤ ሲያየው ግን ደስ ይለዋል፣ “የማን ልጅ ነው? ያምራል” ይላል።

የሚጠይቁኝ ሰዎች “አይዞሽ፣ አላህ ያውቃል፣ ትዕግሥት ነው” ይሉኛል። ክፋት የላቸውም። ግን እኔ የማወራችሁ ስለ ትዕግሥት አይደለም። ትዕግሥት መጨረሻ ላለው ነገር ነው። ሰው ሲሞት ለቅሶ ይቀመጣሉ፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ምግብ ያመጣል፣ ከዚያም ሰዉ ተበትኖ ሐዘንተኛው ቀስ በቀስ ይነሣል። የእኔ ባል ግን አለ። ይበላል፣ ይተኛል፣ ፀሐይ ይሞቃል። ሄዶብኛል ብዬ ለማን አለቅሳለሁ? አለልኝ ብዬስ ከማን ጋር አወራለሁ? በቤቴ ውስጥ ትዝታችንን የያዝኩ እኔ ብቻ ነኝ። ስንጋባ ምን ዘፈን እንደተዘፈነ፣ ሃዊ በተወለደች ሌሊት ምን እንዳለኝ ላስታውስ ስሞክር “ልክ ነው” ወይም “አይደለም፣ እንዲህ ነበር” የሚለኝ የለም። አንዳንዴ “ይህ ሁሉ በእውነት ሆኖ ነበር?” እላለሁ። የደረሰባችሁ ካላችሁ ታውቁኛላችሁ። ላልደረሰባችሁ ምክር የለኝም። ዛሬ ማታ አጠገባችሁ ያለው ሰው በስማችሁ ከጠራችሁ፣ አቤት በሉት። ሌላ የምላችሁ የለም።

በዚህ ሳምንት አንድ ጠዋት ፀሐይ ላይ አስቀምጬው ጺሙን እየላጨሁለት ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ሳሙናውን ሲያሸት ቆየና፣

“እርስዎ ባል አለዎት?” አለኝ።

“አለኝ።”

“ደህና ሰው ነው?”

“በጣም ደህና ሰው ነው።”

ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ እጄን ከነምላጩ ቀስ አድርጎ ይዞ ከፊቱ አራቀው።

“እንግዲያው እዚህ አይዋሉ” አለኝ። “እኔን ሌላ ሰው ይረዳኛል። እሱ ቤት ሆኖ ይጠብቅዎታል፤ ይሂዱለት።”

“እሺ” አልኩት። ምላጩን አስቀምጬ ተነሣሁ፣ እስከ ግቢው በር ድረስ ሄድኩ። በሩን ይዤ ትንሽ ቆምኩና ተመለስኩ። ከድር ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ከወንበሩ ብድግ አለልኝ።

“እንደምን አደሩ” አለኝ። “ይግቡ።”